የታደገ ዳሽቦርድ

ሊንደበርግ፣ ኦስሎ
ኅዳር 12 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጽጌ፣

ሰላምታዬ ከደጅሽ እስከ ጓዳሽ ይግባ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም በረዶ ሲመጣ ብቻ ነው የሚያስታውሰኝ።

የጠየቅሽኝን በቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ይበላል። ልጅሽ ከስቷል፣ ግን ይበላል። ቤተ ክርስቲያን ይመጣል፤ ከኋላ ተቀምጦ ከቡራኬው በፊት ይወጣል። ስለ አንቺ አልጠየቀኝም። ይህንን ላለዝበው ብሞክር ታውቂብኛለሽ፤ ስለዚህ እንዳለ ጻፍኩት።

ታደገ ሲያርፍ ልጃችሁ ዓምሃ እዚህ ለመጨረሻ ፈተናው ይዘጋጅ ነበር። «ሳይጨርስ እንዳይሰማ» አልሽኝ። የአገራችን ደንብ ነው ብዬ አፌን ዘጋሁ። ፈተናው ባለቀ ማግስት ከሽማግሌዎች ጋር እዚሁ ሳሎኔ ውስጥ መርዶውን ነገርነው። አላለቀሰም። «መቼ?» ብቻ አለ። ቀኑን ሲሰማ አባቱ ከተቀበረ ሳምንታት ማለፋቸውን አሰበና ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስልክሽን አያነሣም። እኔን ሰላም ይለኛል፤ ግን እንደ ባንክ ሠራተኛ ነው።

ባለፈው እሑድ ግን በር ላይ ጠበቀኝ።

«እትዬ፣ አባቴ ይነዳው የነበረው የክሊኒኩ ፒካፕ ሊሸጥ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«ለቁራጭ ብረት ነው አሉ። ከዚያ በላይ ምን ቀረው?»

«ዳሽቦርዱን እፈልገዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ከመሪው ኋላ ያለውን፣ ከበር እስከ በር። ጌጆቹ፣ መለኪያዎቹ ሁሉ እንዳሉ፣ ኪሎሜትር ቆጣሪው እንዳለ። ለእናቴ ይጻፉልኝ።»

«አንተስ? አፍ የለህም?»

«ናይ፣ አይሆንም እትዬ። እርስዎ ይጻፉላት።»

እዚህ ፒካፕ ገዝቷል። ከታደገ ፒካፕ በብዙ ዓመት ያንሳል፣ የዚያው ፋብሪካ ልጅ ነው። ከፊት ሽቦው ተቃጥሎ ዳሽቦርዱን እሳት በልቶታል፤ የሸጠለት ገበሬ እንዲሁ ትቶት ነበር። ዓምሃ ሃውገሩድ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር በተከራየው ጋራዥ አቁሞታል። የአባቱን ዳሽቦርድ እዚያ ጋቢና ውስጥ ሊገጥም ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አልወደድኩትም። ልባችንን ለዕቃ እንድንሰጥ አልተማርንም። «ፎቶው አይበቃህም?» አልኩት።

«አባቴ ሞተር ከማስነሣቱ በፊት እጁን ዳሽቦርዱ ላይ አሳርፎ ይጸልይ ነበር» አለኝ። «ቦታው ተበልቷል። ልጅ ሆኜ ጣቶቼን እዚያ ውስጥ አስገባ ነበር። እኔ አልቀበርኩትም፣ እትዬ። ቢያንስ ካቆመበት ኪሎሜትር ልቀጥልለት።»

ወረቀትና ብዕሬን አወጣሁ። ላኪለት።

የልጅ ልጄ ኤልዳና «ለምን አትደውዪላትም?» እያለች ትስቅብኛለች። በስልክ የተባለ ነገር ተመልሶ አይነበብም።

አባይነሽ

*

ጊዶሌ
ጥር 20 ቀን 2005 ዓ.ም.

አባይነሽ የልጅነት ጓዴ፣

እንዴት ነሽልኝ? የበረዶውን ነገር ሳስብ እኔ እዚህ ሆኜ እግሬ ይቀዘቅዘኛል። በጉልበትሽ ላይ ቅባት አድርጊ፣ አትኩሪ።

ዳሽቦርዱን ክሊኒኩን የሚያስተዳድሩት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ፈቀዱልኝ። «ለምን ይሆናታል?» ተባብለው ነበር አሉ፤ እኔ ግን ልጄ ጠየቀኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነው የሄድኩት። ልጄ ጠየቀኝ ማለት እንዴት ደስ እንደሚል! በአንቺ በኩል ቢሆንም ጠይቆኛል። መካኒኩ ካቻቢቴውን ይዞ ጋቢና ሲገባ እኔ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ሲነቀል ማየት አልፈለግኩም። ያን ሁሉ ዓመት ከታደገ ጎን ተቀምጬ ያንን ቁልቁለት ወደ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ወርጃለሁ። ከኋላችን ምጥ የጠናባት ሴት፣ ከፊታችን ጉም፣ እሱ መሪውን ይዞ፣ እኔ የመድኃኒት ሳጥኔን ይዤ። አሁን መኪናው ዓይኑ እንደ ወጣ ሰው ሆኖ ቆሟል።

ደግሞ እንዲሁ የላክሁት እንዳይመስልሽ! ፀሐይ የሰነጠቀው፣ አቧራ የጠጣ ነገር ወደ ሰው አገር ይሄዳል? የሚያዩትስ ምን ይላሉ? ራቁቱን አልሰደውም ብዬ አርባ ምንጭ ወርጄ ቀይ ፕላስቲክ ቆዳ ገዛሁና ከዳር እስከ ዳር አለበስኩት። በሙጫ አልነካሁትም፣ ስፌት ብቻ ነው። ከፊቱ እንደ አውቶቡስ ሾፌሮቹ ወርቃማ ዘርፍ አድርጌለታለሁ። ለጌጆቹ መስኮት ትቻለሁ። አዳሪ ትምህርት ቤት ስፌት ያስተማረችን ሲስተር ኢንግሪድ እንኳ ብታየው ፍቺው አትለኝም።

ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ኖርዌያውያን በኮንቴይነራቸው ይዘውልኛል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። ዘርፉን ሲያየው ሳቀ? በልጅነቱ ዘርፍ ያለው መኪና ባየ ቁጥር እየሳቀ ይሞት ነበር። ሳቁን ጻፊልኝ።

ያንቺው ጽጌ

*

ሊንደበርግ
ሚያዝያ 30 ቀን 2005 ዓ.ም.

እህቴ ጽጌ፣

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ። ዕቃሽ ምንም ሳይጎዳ ደርሷል። ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ፤ የምጽፈው እስኪኖረኝ ጠብቄ ነው።

ስለ ዘርፉ ጠይቀሻል። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። ማዕዘኖቹ ላይ ያደረግሽውን እጥፋት አይቼ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ትዝ አለኝ፤ እጅሽ አልረሳም። ስለ ሳቁ በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

አሁን የምጽፍልሽ ስለ ሥራው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ይዤለት እሄዳለሁ፣ በቲ-ባነ፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ሁለት ፌርማታ ነው። መጀመሪያ ምሳውን አስቀምጬ ልመለስ ነበር ያሰብኩት። ጋራዡ ውስጥ ስገባ ግን ዳሽቦርዱ ከጋቢናው ጠቦ፣ በቀኝ በኩል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ቀርቶ አየሁ። አዲሱ መኪና ሰፊ ነው። ልጁ ክፍተቱ ውስጥ ስፖንጅ ይጎሰጉሳል።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ለጊዜው ነው፣ እትዬ። ቀለም ይቀባና አይታይም።»

«ቀሚስ የጠበባትን ሴት በጥጥ ጎስጉሰህ ትሰዳታለህ?»

አብራኝ የመጣችው ኤልዳና ሳቋን ለቀቀችው። «ተው ዓምሃ፣ ተሸንፈሃል፤ እማማ መቀስ ይዛ ሳትመጣ አትቀርም» አለችው። እውነትም ይዤ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወፍራም ወረቀት ጨምሬ ሄድኩ። እንደተማርነው ክፍተቱን ለክቼ፣ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ፣ በሩ ጋ ዞር አድርጌ ቅዱን አወጣሁለት። እሱ በቅዱ መሠረት ላሜራ ቆረጠ። ሲያስገባው ድምፅ እንኳ አላሰማም። ቁጭ አለ።

ሁለታችንም ቀርበን አየነው። ጽጌ፣ እዚያ አገር በእሾህና በጉም መሀል የኖረ ነገር፣ እዚህ አገር ለበረዶ ከተሠራ ጋቢና ጋር እንዲህ አንድ ልብስ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«ሌላ ቅዳሜም ይመጣሉ?» አለኝ። እንደ ባንክ ሠራተኛ አልነበረም።

አባይነሽ

*

ሊንደበርግ
ሰኔ 25 ቀን 2005 ዓ.ም.

ጽጌ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ ዘርፉ ድጋሚ አልጠየቅሽም። አለመጠየቅሽን አነበብኩት፤ ስለዚህ የደበቅኩትን እነግርሻለሁ።

አልሳቀም። ሳጥኑን ከፈተ፣ ቀዩን አየ፣ መልሶ ዘጋው። «አጥፍታዋለች» አለ። የአባቱ እጅ ቦታ ተፍቆ፣ ተሞልቶ፣ በላዩ ላይ ቆዳ የተለበደበት መስሎታል። ሳምንት ሙሉ ሳጥኑን አልነካውም። ከዚያ በኋላ የሠራው ሁሉ ከጀርባ በኩል ነው፤ ብሎኖቹ፣ ሽቦዎቹ፣ የማሞቂያው ቱቦ። ፊቱን አያየውም ነበር። በሙጫ እንዳልነካሽው ነገርኩት። «ይሁን» ብቻ አለ። ተስፋ አድርጎ ድጋሚ ማጣት የፈራ ይመስለኛል።

የሥራውን ከባድ ክፍል ግን ተወጥቶታል። የአባቱ ፍጥነት መለኪያና ኪሎሜትር ቆጣሪ የሚሠሩት ከካምቢዮ በሚመጣ የሚሽከረከር ሽቦ ነው። ጎማው ሲዞር ሽቦው ይዞራል፣ ሽቦው ሲዞር ቁጥሩ ይዞራል። አዲሱ መኪና እንዲህ ያለ ሽቦ የለውም፤ በኤሌክትሪክ ትር፣ ትር እያለ ነው ፍጥነቱን የሚናገረው። ዓምሃ በመሀላቸው አንዲት ትንሽ ሞተር ያለባት ሣጥን አኖረ። እሷ የአዲሱን ትርታ ሰምታ የአሮጌውን ሽቦ ታዞራለች። የተማረው ይህንን እንደሆነ ነገረኝ። ለዚያ ፈተና፣ ማለቴ ነው።

አሁን ሥራው ቆሟል። የመጨረሻዎቹ ብሎኖች ያንቺ ሽፋን ሥር ናቸው። ሽፋኑ ካልወጣ አይጠብቁም።

«ቢላ አለኝ፣ እትዬ» አለ።

«ቢላህን አስቀምጥ። የሰፋችው ሴት በሕይወት አለች፤ ትጠየቅ።»

«ደብዳቤ ደርሶ እስኪመለስ እኮ ክረምቱ ያልቃል!»

«ስልክ አለህ። ደውልና ጠይቃት፣ ዛሬውኑ እፈታዋለሁ።»

ጨርቅ አንሥቶ እጁን መጥረግ ጀመረ። ንጹሕ እጅ ነበር።

«ሄረጉድ፣ እማማ!» አለች ኤልዳና። «አንድ ስልክ እኮ ነው! ለአንድ ስልክ መኪና ሙሉ ይቆማል?»

«የጌታን ስም በከንቱ አትጥሪ፣ በኖርዌይኛም ቢሆን» አልኳት። «አዎን፣ ይቆማል።»

የአዳሪ ቤታችንን ሕግ አልረሳሽም። የሌላ ሴት ስፌት ሳትፈቅድ አይፈታም። በቁርጥ ጻፊልኝ፤ ልፍታው ወይስ ይቅር? ይቅር ካልሽ አልነካውም፣ እሱም አይነካውም። መቀሱ እኔ ጋ ነው።

አባይነሽ

*

ጊዶሌ
ነሐሴ 1 ቀን 2005 ዓ.ም.

አባይነሽ፣

ፍቺው።

የሰው አገር ሰው እንዳይስቅበት ብዬ ነው ያለበስኩት ያልኩሽ የእውነቱ ግማሽ ነው። ያ መኪና ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ በቆመ ጊዜ በጠዋት ባጠገቡ አልፍ ነበር። በመስኮት ሳይ የታደገ እጅ ቦታ ይታየኛል። ዳሽቦርዱ ሲነቀል ደግሞ ቤቴ ገብቶ ከእኔ ጋር ሰነበተ። እንዲያው ራቁቱን፣ ማንም እየጫነው፣ ማንም እጁን እያሳረፈበት ባሕር ሊሻገር ሆነ። አልቻልኩም። እንደ ገነዝኩት ቁጠሪው።

ልጄን ከመገነዝም ከመቅበርም ከለከልኩት። ፈተናው ይበልጣል ብዬ ነው። አባቱ ለዚያ ፈተና ስንት ጉም ውስጥ ነድቷል፤ ከንቱ እንዳይቀርበት ብዬ ነው። ይህንን ግን አንቺ አትንገሪው። ይቅር የሚለኝ ከሆነ ምክንያቴን ሰው ነግሮት አይሁን።

ቀስ ብለሽ ፍቺ። ክሩን አትበጥሺ፣ መልሺልኝ።

ጽጌ

*

ሊንደበርግ
መስከረም 15 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለጽጌ፣ እንኳን አደረሰሽ፣ ዘመኑ የዕረፍት ይሁንልሽ።

አትንገሪው ያልሽኝን አልነገርኩትም። ይህን አስቀድሜ ልጻፍ፣ ከዚህ በታች ያለውን ስታነቢ እንዳትጠረጥሪኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ዕለት የጋራዡ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ፀሐይ እስከ ጋቢናው ድረስ ገብታ ነበር። እኔ ከሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ከመሪው ሥር ለመግባት እንቢ ብሎ ዓምሃና ኤልዳና ነው ያስገቡኝ። ከግራው ጫፍ ቋጠሮሽን አገኘሁት። መፍታት ጀመርኩ። ዓምሃ በሩ ጋ ቆሞ ወደ ውጭ ያያል።

ጥቂት እንደሄድኩ ቀዩ ቆዳ በራሱ ክብደት ዘንበል አለና ታየ።

እጅ ነው። ጽጌ፣ እኔ የእጅ ምልክት ሲባል እድፍ ነገር መስሎኝ ነበር። ጥቁሩ ፕላስቲክ በፀሐይ ነጥቶና ተሰነጣጥቆ ሳለ፣ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል። የመዳፉ ሥር ጎድጎድ ብሏል። የጣቶቹ ቦታ ወደ መስታወቱ ይዘረጋል። አንድም ስንጥቅ አልገባበትም። ፀሐይ ያን ሁሉ ዓመት ሁሉን ስትሰነጥቅ፣ ሰው ለአፍታ፣ ለአንዲት ጸሎት ብቻ፣ ግን ሳያቋርጥ እጁን ያሳረፈበትን ቦታ ማለፍ አልቻለችም። መነጽሬን አወለቅኩ።

«ዓምሃ፣ ና» አልኩት።

መጣ፣ አየ። አልነካውም። «አልጠፋም፤ አለ» አለ።

እዚያ ላይ ላቆም እችል ነበር። ያንቺ ክር ግን አንድ ነው፣ ከበር እስከ በር ሳይቋረጥ ይሄዳል። አትበጥሺው ብለሻል። ስለዚህ ተደግፌ ወደ ሌላው ወንበር ተዛወርኩና ቀጠልኩ። ዘርፉ ወደቀ። ከዕቃ ማስቀመጫው ክዳን በላይ ቀዩን ሳነሣው ሌላ እጅ አየሁ።

ያነሰ ነው። ግራ እጅ ነው። ጥልቀቱ እንደ ታደገው አይደለም፤ ልስላሴው ግን ያው ነው።

«ይህስ የማነው?» አለ ዓምሃ።

የማን እንደሆነ ገብቶኛል፤ አልነገርኩትም። የእጅ ባትሪ አምጥቶ አበራበት። በቀለበት ጣቱ ሥር አንዲት ቀጭን ጭረት አለች፤ ወርቅ ደጋግሞ የነካው ጭረት። ጎንበስ ብሎ ብዙ ጊዜ አያት።

«የመድኃኒት ሳጥኗን በቀኟ ትይዝ ነበር» አለ፣ ለእኔ አልነበረም። «እማዬ ናት። እሷም እዚህ ነበረች ለካ።»

ጋራዡ ወለል ላይ ተቀመጠ። መርዶ ቀን ያላለቀሰውን ያን ዕለት አለቀሰው። ኤልዳና ወደ እኔ አየች፣ እንድታባብለው የፈለግሁ መስሏት። እጄን አንሥቼ አቆምኳት። ልቅሶ ዘግይቶም ቢመጣ ቦታው ይለቀቅለታል።

ቆይቶ ተነሣና ብሎኖቹን አጠበቀ። አሁን ፊት ለፊቱን እያየ ነበር የሚሠራው። ቁልፉን ሲያዞር ጌጆቹ እንደ ድሮ ራዲዮ አረንጓዴ አበሩ። መርፌዎቹ መጀመሪያ ተንቀጠቀጡ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ተነሡ፣ ነዳጁ፣ ሙቀቱ፣ ዘይቱ። የሞቱ መስለውኝ ነበር። ግቢው ውስጥ ቀስ ብሎ ወደ ፊት አስኬደው፣ እኔም ከጎኑ። ቆጣሪው ታደገ ያቆመበት ቁጥር ላይ ነበር። የመጨረሻዋ አኃዝ ወደ ላይ መጠቅለል ጀመረች፣ ግማሽ ላይ ደረሰች፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ቁጥር ወጣ። አየሁት። በእኔ ዕድሜ ብዙ ነገር አይቻለሁ ብዬ ነበር።

የመንገድ ፈቃድ ምርመራውን በተከታዩ ሳምንት አለፈ። መርማሪው ቆጣሪው ከሌላ መኪና የመጣ ነው ብሎ መዝግቦለታል። መዳፍሽን አይቶ «ይህን ቦታ ለምን አላደሳችሁትም?» ብሎ ጠየቀው። ዓምሃ «የታደሰው እሱ ነው» አለው። መርማሪው የገባው አይመስለኝም።

ትናንት ከጸሎት ቤት ሊያደርሰኝ አስገባኝ። ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ቀኝ እጁን አባቱ ቦታ ላይ አሳረፈ። አይሞላውም፤ ጣቶቹ ግን ይገጥማሉ። «እትዬ፣ እርስዎም እጅዎን ከፊትዎ ባለው ቦታ ላይ ያድርጉ፤ እንጸልይ» አለኝ።

እጆቼን ጭኔ ላይ አጣጠፍኩ። «ያ ቦታ ባለቤት አለው» አልኩት።

ዞር ብሎ ቦታውን አየ። ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ወሬ አይደለም። ዕቃ ላይ ልብ አይጣልም ብዬ የጻፍኩልሽን አልሰርዝም፤ ግን ከሥሩ ሌላ መስመር ጨምሬበታለሁ።

ክርሽ ሳይበጠስ በካርቶን ተጠቅልሎ አብሮ መጥቷል። ዘርፉን ኤልዳና «እኔ እፈልገዋለሁ» ብላ ወስዳዋለች፤ ክፍሏ መስኮት ላይ ሰቅላዋለች። ዓምሃ ሲያየው ሳቀ። ሳቁን ጻፊልኝ ብለሽ ነበር፤ ይኸው ጽፌልሻለሁ።

አባይነሽ

*

ጊዶሌ
ጥቅምት 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

አባይነሽ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ሳይደርስ ስልኩ ደወለ።

መጀመሪያ የሰው ድምፅ አልነበረውም፤ የሞተር ድምፅ ብቻ ነበር። የታደገ መኪና አይደለም፤ ያኛው ሲነሣ ያስላል። ይህ እንደ ጎልማሳ ነው የሚተነፍሰው። ከዚያ «እማዬ፣ ጋቢና ውስጥ ነኝ» አለ።

የተባባልነውን አልጽፍልሽም። በቅደም ተከተል እንድመልስልሽ እንደምትፈልጊ አውቃለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ይህኛው አይጻፍም።

በመጨረሻ ግን «ሳልጸልይ አልነሣም፤ አንቺ ጸልዪ» አለኝ። «ወዴት ነው የምትሄደው?» ስለው «ወደ ሥራ» አለ። ለሥራ መንገድ ነው! እኔ ስጸልይ የኖርኩት ለገደል መንገድ ነበር። ወጥ ቤት ነበርኩ። ስልኩን በቀኜ ያዝኩና ግራ እጄን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ። እሱስ እጁን የቱ ላይ አድርጎ እንደነበር አልጠየቅኩትም። ጸለይኩ። አሜን አለ፤ አሜን ሲል ታደገ አለበት።

ማርሽ ሲገባ ሰማሁ፣ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። እጄን ከጠረጴዛው ላይ ያነሣሁት ግን ሥራ ቦታው ደርሷል ብዬ ካሰብኩ በኋላ ነው።

ጽጌ